ንድፍ ራሱ ጥናት ነው ወይስ የጥናት አባሪ?

ሰያፍ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

የአርክቴክቸር ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ አራዳ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ላይ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ዳንቴል የመሰለ የጣውላ ጌጥ የተቸነከረበት። ሰፈሩን የምታውቁ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሰባት ወር ሙሉ ለካሁ፣ ሣልኩ። 43 ወረቀት ወጣው። ፕላን አለ፣ ሴክሽን (ቤቱ ከላይ እስከ ታች ቢሰነጠቅ የሚታየው) አለ፣ የበርና የመስኮት ዝርዝር አለ፣ ወራጁ ግድግዳው ላይ የተቀመጠበት ሳይቀር አለ። ጽሑፉ 30 ገጽ ቢሆን ነው።

አማካሪዬ ባለፈው ሳምንት አገላበጠውና «እጅህ ጥሩ ነው። እነዚህን አባሪ አድርጋቸው። ዋናው ጥናት ግን የታለ?» አለኝ። መጠይቅ በትን፣ 60 ሰው ጠይቅ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው፣ ግራፍ ይውጣ፤ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ጥናቱ ንድፉ ራሱ ነው ባይ ነኝ። ፊቱ ቆሜ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግን አቃተኝ። ምላሴ ተሳሰረ።

ንድፍ ዘዴም ውጤትም ይሆናል የምትሉ እስቲ አስረዱኝ። አይሆንም የምትሉም ኑ።

ቆሎ ተራ፦
መጠይቁን ለቤቱ ስጠው። «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግልሃል።

ባልጩት፦
ቆሎ ተራ ገደልከን።

ወንድሜ፣ እኔ የአርኪዮሎጂ ሰው ነኝ። ፎቶ እንዲህ በበዛበት ዘመን እንኳ እኛ ጋ የድንጋይ መሣሪያ በእጅ እየተሣለ ይታተማል። ለምን መሰለህ? ባልጩትን ውሰድ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ መልካ ቁንጡሬ አጠገብ፣ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፤ ስሙም ከዚሁ ድንጋይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባልጩት ማለት ጥቁር መስታወት በለው። ፎቶ ስታነሳው የሚወጣልህ የመብራቱ ነጸብራቅ ነው።

ስትስለው ግን ሌላ ነው። ድንጋዩን በግራ እጅህ ትይዛለህ። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል እንደሚመጣ አድርገህ ነው የምትስለው፤ ይህ በሙያው ያለ ስምምነት ነው። ድንጋዩ ላይ ያ የጥንት ሰው እየመታ ፍንካች ያነሳባቸው ጠባሳዎች አሉ። ሁለት ጠባሳ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስትደርስ እርሳስህ ይቆማል። የቱ ነው የቱን የቆረጠው? የቆረጠው ኋላ የመጣው ነው። ይህን ሳትወስን መስመሩን መቀጠል አትችልም። በጥፍርህ ትዳስሰዋለህ፣ ወደ መስኮቱ ታዞረዋለህ፣ ደግመህ ትዳስሳለህ። ስትጨርስ ያ ሰው የቱን ምት አስቀድሞ የቱን እንዳስከተለ ወረቀትህ ላይ አለ።

ተማሪ ሳለሁ አንዷ ድንጋይ ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። መምህሬ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ ጣቱን ጫፏ ላይ አድርጎ «እዚህ ጋ ዋሽተሃል» አለኝ። እውነትም እዚያች ጋ ስደርስ ሰልችቶኝ ነበር።

ማስረጃ አምጣ፦
እኔ ከአማካሪው ጎን ነኝ፤ አትቆጡ። ሙያዬ ስታትስቲክስ ነው። ባልጩት የነገረን ስለ ማየት ነው። ማየቱ ጥናት ነው፤ ንድፉ ማስታወሻ ነው። ሌላው የድግግሞሽ ነገር ነው። አንድን ቤት ሁለት ሰው ቢስለው ሁለት የተለያየ ነገር ይወጣል። ሌላ ሰው ደግሞት ያው ካልመጣ ሥነ ጥበብ በሉት። ነውር የለውም፤ ግን የራሱ ትምህርት ክፍል አለው።

ወለተ አክሱም፦
ማስረጃ አምጣ ብለሃልና ላምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን አክሱም ገባ። አብረውት ከነበሩት አርክቴክቶች አንዱ ዳንኤል ክሬንከር ነው። ሐውልቶቹን፣ የቤተ መንግሥት ፍርስራሾቹን፣ ደብረ ዳሞን ሳይቀር ለኩ፣ ሣሉ። ሥራው በ1913 በአራት ቅጽ ታተመ። ከሣሏቸው ውስጥ ታዕካ ማርያም የሚባለው ይገኝበታል፤ 120 ሜትር በ80 ሜትር የሚሆን ትልቅ ግቢ። ከዚያ ጣልያን መጣ። መንገድ ሲሠራ ፍርስራሹ ላይ ተሄደበት። ዛሬ አክሱም ሄደህ ታዕካ ማርያምን አሳዩኝ ብትል የምታየው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለ ስፋቱ፣ ስለ ክፍሎቹ አደራደር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚመለሰው ወደ 1906ቱ ፕላን ነው። ይህን አባሪ ልትለው ነው?

ሩቅ ሳንሄድ፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈረሰ። ከዚያ ሰፈር ስንቱ ቤት በየተማሪው አልጋ ሥር በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ብቻ እንደቀረ እግዜር ይወቅ።

ማስረጃ አምጣ፦
እህቴ፣ አመሰግናለሁ፤ በራስሽ ላይ ጎል አገባሽ። ይኸው ክሬንከር እንዳ ሚካኤል የሚባለውን ፍርስራሽ አራት ማማ ያለው ባለብዙ ፎቅ ግንብ አድርጎ ሥሎታል። መሬት ላይ ያገኘው ግን ታችኛውን ክፍል ነው። ፎቁን ማን አየው? ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ እየተባዛ እንደ ፎቶ ነው የሚታየው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ወለተ አክሱም፦
ከባዶ አላመጣውም እኮ። ሐውልቶቹ ራሳቸው ባለብዙ ፎቅ ቤት መስለው ነው የተቀረጹት። በር አላቸው፣ መስኮት አላቸው፣ ከግድግዳ የሚወጣው ክብ የእንጨት ጫፍ እንኳ በድንጋይ ተቀርጿል። የዚያ የእንጨት አሠራር ደግሞ ደብረ ዳሞ ላይ ቆሞ ይታያል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ነጋዴው ኮስማስም የኢትዮጵያን ንጉሥ ባለ አራት ማማ ቤተ መንግሥት ጠቅሶ ጽፏል።

በአንዱ ግን ተረትቻለሁ። የተለካውንና የተገመተውን ለይቶ የማያሳይ ንድፍ ጉድ ይሠራል። ሰያፍ፣ ያየኸውን በሙሉ መስመር፣ የገመትከውን በተቆራረጠ መስመር አድርገሃል?

ሰያፍ፦
አድርጌያለሁ። ከአንድ ወረቀት በቀር። እሱንም ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ።

የሌሊት ተረኛ፦
ተረኛ ነኝ፤ በሽተኛ እስኪመጣ ልጻፍ።

ጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ የአንጎልን ሕዋሳት በብር ጨው እያጠቆሩ የማየት ዘዴ አገኘ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1887 አየና ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፋ። ካሃል ልጅ ሳለ ሠዓሊ መሆን ነበር ምኞቱ፤ አባቱ ናቸው ወደ ሕክምና የገፉት። ሁለቱ ያዩት ያንኑ ዓይነት ስላይድ ነው። ጎልጂ እርስ በርሱ የተያያዘ መረብ አድርጎ ሣለው። ካሃል ደግሞ እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው አቆመው፤ ጫፉ ጎረቤቱን ሳይነካ ያበቃል። በ1906 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ጎልጂ እዚያው የሽልማቱ ንግግር ላይ ቆሞ የካሃልን ወገን ሐሳብ ነቀፈ። አቤት ያንን አዳራሽ ባየሁት! ያቺ ክፍተት በግልጽ የታየችው በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው።

ማስረጃ አምጣ፣ ሁለት ሰው ሲስል ሁለት ነገር ይወጣል ያልከው ልክ ነው። ግን በቃል ቢሆን ኖሮ «የተያያዘ ይመስላል»፣ «እንጃ፣ አይመስልም» እየተባባሉ ዕድሜያቸውን በፈጁ። ወረቀት ላይ መስመሩ ወይ ይነካል ወይ አይነካም። መሸሻ የለውም። በኋላ የመጣው ሰው ምን መፈለግ እንዳለበት ያወቀው ከዚያ ነው።

በሽተኛ መጣ።

ድሮን በላይ፦
እናንተ ገና እርሳስ ላይ ናችሁ? ሌዘር ስካነር እያለ! የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በስካነር አንስቷቸዋል። ሰባት ወር የፈጀብህን እኔ በአንድ ቀን እጨርስልህ ነበር። በወዳጅ ዋጋ።

ሰያፍ፦
ዋጋህን በውስጥ መስመር ላክልኝ። እውነቴን ነው፣ ስካነር ባገኝ አልጠላም። ግን ስካነር ሁሉንም እኩል ነው የሚያየው፤ ግድግዳውንም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአምና ካላንደርም። የቱ ጭቃ የቀድሞ፣ የቱ የትናንት እንደሆነ ኋላ ቁጭ ብሎ የሚለይ ሰው መፈለጉ አይቀርም።

ማስረጃ አምጣ፦
ታሪክ በቃኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ከ43ቱ ወረቀት ውስጥ፣ ባትስለው ኖሮ የማታውቀው ነገር አለ? አንድ ብቻ ጥቀስልኝ።

ሰያፍ፦
አለ። ለአማካሪዬ ግን ደፍሬ አላወራሁትም፤ ሲጀመር ስህተት ስለነበረ አፈርኩበት።

ሦስተኛው ወር ላይ ፕላኑ አልገጥም አለኝ። ቤቱ በውጭ በኩል ርዝመቱ 9 ሜትር ከ84 ነው። ውስጡን ክፍል በክፍል ለክቼ፣ የግድግዳዎቹን ውፍረት ጨምሬ ስደምር 9 ሜትር ከ37 መጣ። 47 ሳንቲ ጠፋ። የጭቃ ቤት ነው፤ 3 ሳንቲ፣ 5 ሳንቲ ቢዛነፍ እሺ። 47 ሳንቲ ግን ሰው ጎኑን ሰጥቶ ይቆምበታል! ሜትሩ ረግቦ ነው ብዬ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ጓደኛዬን አምጥቼ አስለካሁ። ያው ነው። ሁለት ሳምንት ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ።

ኋላ ነው የገባኝ። ሳሎኑና የኋላው ክፍል መሀል በር የለም፤ የኋላው ክፍል በጓሮ በኩል ነው የሚገባው። ሌሎቹን ግድግዳዎች በበራቸው በኩል ውፍረታቸውን ለክቻለሁ። ያንን ግን አይቼው አላውቅም፤ እንደ ሌሎቹ 18 ሳንቲ ነው ብዬ ከጭንቅላቴ ነው የሞላሁት። በሒሳቡ ከሄድን ያ ግድግዳ 65 ሳንቲ ሊሆን ነው። 65 ሳንቲ የጭቃ ግድግዳ አራዳ ውስጥ ምን ይሠራል?

መሰላል ተበድሬ የአቡጀዲውን ኮርኒስ በአንድ ጥግ ገልጬ በስልኬ መብራት አየሁ። ሁለት ግድግዳ ነው። ጀርባና ጀርባ ሆነው ቆመዋል፤ መሀላቸው ባዶ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ በዚያ በጨለማው በኩል ኖራ ተቀብቷል። ከፍ ብሎ ደግሞ ፊት ለፊት በረንዳው ላይ ያለው ዳንቴል ጣውላ፣ ያው ቅርጽ፣ አቧራ እንደለበሰ ተቸንክሮ አለ። ውስጥ የመሰለኝ ድሮ ውጭ ነበር ማለት ነው።

ወርጄ የቤቱን ባለቤት እማማን ጠየቅኳቸው። ቀና ብለውም አላዩኝ። «እሱማ የኋላ በረንዳ ነበር። ባለቤቴ ነው የዘጋው፤ ልጆች ሲበዙብን» አሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ጠይቄያቸው አላውቅም። ምን ብዬ ልጠይቅ? በረንዳ መኖሩን መች አወቅኩና!

ማስረጃ አምጣ፦
ይህን ለምን መጀመሪያ ላይ አልጻፍከውም?! ጽሑፍህ ውስጥ የት አለ?

ሰያፍ፦
ወረቀት 17 ላይ ነው። ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር።

ቆሎ ተራ፦
አንድ መስመር! ሰውየው በረንዳ አግኝቶ ደብቆ ተቀምጧል።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበርኩ። እናንተ ስለሚስል ተመራማሪ ነው የምታወሩት። የሚጠናው ሰው ራሱ ሲስልስ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና የለንደኑ ዓለም አቀፍ የአካባቢና ልማት ተቋም ወሎ ውስጥ ገበሬው ራሱ ቀበሌውን እየሣለ የሚያስረዳበትን አሠራር ሞክረው ነበር። እኔ የደረስኩት ኋላ፣ ዘዴው ከተለመደ በኋላ ነው። ወንዶቹን በአንድ ወገን፣ ሴቶቹን በሌላ ወገን አድርገን አገራችሁን መሬት ላይ አውጡልን አልን። በእንጨት ይጭራሉ፣ በአመድ መንገድ ይሠራሉ፣ ባቄላው ቤት ነው። ወንዶቹ ማሳውን፣ ድንበሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን አወጡ። ሴቶቹ መጀመሪያ ያስቀመጡት ምንጩን ነው፤ ከዚያ ወፍጮውን፣ ከዚያ እንጨት የሚለቀምበትን። በሴቶቹ ካርታ ላይ ምንጩ ከቤት እጅግ ይርቃል። ወንዶቹ «ኧረ እንዲህ አይርቅም» ብለው ሳቁ። አንዷ ቀና ብላ «እንስራውን አዝለህ ሂድና ተመለስ» አለች። ሳቁ ቆመ።

ስንጨርስ ወደ ወረቀት ገለበጥነው። የገለበጥነው እኛ ነን። ስንገለብጥም ምንጩን ከመንግሥት ካርታ ጋር እያስተያየን «ወደ ቦታው» መለስነው። ያን ጊዜ ማስተካከል ነበር የመሰለን። አሁን ሳስበው ያገኘነውን ነገር በገዛ እጃችን ነው የሰረዝነው። ዋናው ደግሞ የለም፤ እኛ ስንገለብጥ ፍየል ገብታ ግማሹን ቀበሌ በላችው።

ሰያፍ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፍየሏን ምዕራፍ ሦስት ላይ አስገባታለሁ።

መምህርት፦
ከጋሼ ልቀጥል። ዴቪድ ቼምበርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ጥናት አለ። 4,807 ልጆችን «ሳይንቲስት ሣሉ» አሏቸው፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ልጆች ብቻ ናቸው፤ 28ቱም ሴቶች ልጆች። ልጁን «ሴት ሳይንቲስት መሆን ትችላለች?» ብትሉት አስተማሪው መስማት የሚፈልገውን ይመልስላችኋል። እርሳስ ስትሰጡት ግን ሳያስበው ይናገራል። ይህ እንግዲህ መጠይቅም ነው ንድፍም ነው፤ ግራፍም ወጥቶለታል። አማካሪህን ደስ ይለዋል።

ዕፅ ለቃሚ፦
የእኛን ሰፈር ዘነጋችሁት። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ያለቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ስምንት ቅጽ ነው፤ ውስጡ የመስመር ንድፍ ሞልቷል። ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማስቀመጫ ቤት) ውስጥ ያለችው አበባ ደርቃ ጋዜጣ መስላለች። ውኃ ውስጥ ታፈላታለህ፣ ትለሰልሳለች፣ በመርፌ ትከፍታታለህ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ትስላታለህ። ቅጠሉ ከአንዱ ናሙና፣ ፍሬው ከሌላው ይመጣል። አንበጣ የበላውን ቅጠል አንበጣ እንደበላው አትስለውም። የምትስለው ያቺን አንዷን ተክል ሳይሆን ዘሯን ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ እ.ኤ.አ. በ1771 እዚሁ አገር ሞተ። ብሩስም ሥዕሎቹን የራሴ ናቸው አለ። እውነቱ የወጣው ኋላ ነው። ሰያፍ፣ ሜትር የያዙልህን ልጆች ስም ጻፍ።

ሰያፍ፦
ይጻፋል። አንደኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በበርገር ነው የያዘልኝ።

ከማዶ፦
የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። እዚህ በተግባር ላይ የተመሠረተ ፒኤችዲ የሚሉት አለ። ሥራህ ራሱ ቀርቦ ይፈተናል፤ ከጎኑ ጽሑፍ ይኖረዋል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኒክ ሱዛኒስ እ.ኤ.አ. በ2014 መላውን የዶክትሬት ሥራውን በኮሚክ ሥሎ አቀረበ፤ በዓመቱ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳተመው። ይህን ግን አማካሪህ ፊት አታንሳው። «እንግዲያው ኮሎምቢያ ሂድ» ነው የሚልህ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ያቺን 47 ሳንቲ ከወረቀት 17 አውጥቼ ምዕራፍ አንድ ላይ አስቀምጣታለሁ። ዘዴ የሚለው ምዕራፍ ላይ በምን እንደለካህ፣ ስንት ጊዜ እንደለካህ፣ ስንት ሳንቲ ስህተት እንደምትታገሥ ጻፍ። ከዚያ ሳትስል የተውከውን ጻፍ። የሽቦውን መስመር ትተሃል? የእማማን አልጋ ትተሃል? ለምን? እሷን ረዘም አድርጋት። እኔን ፈታኞቼ 40 ደቂቃ የያዙኝ እሷ ላይ ነው።

ወለተ አክሱም፦
አልጋውንስ ለምን ይተዋል?

ሰያፍ፦
ትቼዋለሁ። «ሰው ምን ይለኛል፣ አልጋዬ ሳይነጠፍ!» ብለው ከልክለውኛል። ይህንንም እንደዚሁ ልጻፈው መሰለኝ።

አማካሪዬን ዛሬ አግኝቼው ነበር። ወረቀት 17ን ዘረጋሁለትና ምንም ሳልናገር 9.84 እና 9.37ን በእርሳስ አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና «ሌላ ሰው ለክቶታል?» አለኝ። ርዝመቱን አዎ፣ ክፍተቱን ግን አልተለካም አልኩት።

ማስረጃ አምጣ፦
ቅዳሜ ነፃ ነኝ። የራሴን ሜትር ይዤ እመጣለሁ። በሁለቱ ግድግዳ መሀል ያለውን ክፍተት ስፋት እዚህ እንዳትጽፈው። ወረቀቱንም እንዳታሳየኝ።

ሰያፍ፦
ና። አሮጌ ልብስ ልበስ፤ ኮርኒሱ ላይ የርግብ ኩስ አለ።

ማስረጃ አምጣ (ቅዳሜ ማታ)፦
31 ሳንቲ።

ሰያፍ፦
ወረቀት 17 ላይ 29 ነው ያልኩት።

ማስረጃ አምጣ፦
ሁለት ሳንቲ! ያንን ያረጀ ሜትርህን ጣለው።

ሰያፍ፦
ሜትሩ አይደለም። አንተ የለካኸው ምርጉ ከነኖራው የረገፈበት ጋ ነው፤ ጭቃው ወጥቶ አይተሃል። እኔ የለካሁት ምርጉ ካለበት ነው።

ማስረጃ አምጣ፦
ወረቀትህን አሁን አየሁት። የረገፈው ቦታ ግን የለበትም።

ሰያፍ፦
የለም። አላየሁትም ነበር።

ማስረጃ አምጣ፦
እማማ ለሰኞ ቡና ጠርተውኛል። ወረቀትህን ይዘህ ና፤ ሜትሩን እኔ እይዝልሃለሁ።